አብሂማንዩን በጆሮው

...እና አሁን ጎንበስ ብዬ ልነግርህ ነው፣ ስማኝ ትንሹ፣ አትቆጭበትም፣ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ማንም አይነግርህም። ተንጠልጣይ አልጋህ በቢጫ አበባ አጊጦ ይወዛወዛል፣ ሴቶቹ ከኋላዬ የስም ማውጣቱን ዘፈን ጀምረዋል፣ ስሙን በጆሮህ የማንሾካሹክልህ እኔ ነኝ፣ ኬተኪ፣ የአባትህ እህት፣ ይህ የአክስት ሥልጣን ነው፣ ስሙ ከአፌ ሲወጣ ደግሞ ጀርባዬን ይደልቁታል፣ ወጉ ነው፣ ጎረቤታችን እትዬ ሹብሃንጊ ከአሁኑ መዳፏን ታፋትጋለች፣ ዛሬ ይቺን ለፍላፊ አገኘኋት እያለች።

አብሂማንዩ። አብሂ፣ ወደ። ማንዩ፣ ቁጣ፣ ወኔ፣ ልብን የሚያነድ ነገር። ሳንስክሪትን፣ የጥንቱን ቋንቋችንን፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ገጹ ከተገነጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት፣ ስለዚህ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ስለዚህ ማንም ያልፈራውን እፈራለሁ። አያትህ ስሙን ሲያወጣልህ ደረቱን ነፍቶ ነበር፣ ጀግና ነው፣ በጥንቱ የጦርነት ተረታችን ውስጥ ጢም ሳያበቅል የጦር ሰልፉን ለብቻው ሰብሮ የገባ! አዎ አባባ፣ ገባ፣ ግን አልወጣም። አንቺ ደግሞ፣ ሰርግ ቤት ገብተሽ ለቅሶ የምትፈልጊ! አለኝ።

አልወጣም። በእናቱ ሆድ ሳለ ነው የሰማው፣ አባትየው ያን እንደ መንኮራኩር የሚሽከረከር ሰልፍ እንዴት ሰብረው እንደሚገቡ ለሚስቱ ሲተርክላት፣ መውጫው ጋ ሳይደርስ እንቅልፍ ጣላት፣ ተረኩ ቆመ፣ ልጁ መግቢያውን ብቻ ይዞ ተወለደ፣ ኋላም መሃል ላይ ከበቡት፣ ሠረገላው ተሰባበረ፣ ባዶ እጁን... በቃ። በቃ ኬተኪ።

ተረት ነው እላለሁ። ግን እናትህ፣ ምሩናል፣ ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ስጎነጉንላት በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና፣ ኬተኪ፣ አለችኝ፣ እኔም እኮ እርጉዝ ሳለሁ እንቅልፍ አበዛ ነበር፣ ሐኪሙ ተኚ ሲለኝ ተኛሁ፣ እሱ ያለጊዜው የመጣው፣ መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል በዚያ የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ የከረመው፣ ምን ሳይሰማ ቀርቶ ይሆን? እኔ፣ ለሁሉም መልስ ያለኝ፣ ጉንጉኑን ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

አንቺ ልጅ፣ የተቀቀለው ሽምብራ ሊቀዘቅዝ ነው፣ ንገሪውና እንብላ! ትላለች እትዬ ሹብሃንጊ። ሳቅ። ምሩናል አትስቅም፣ ከንፈሬን ነው የምታየው። ሌላ ስም ልበል? ፓሪክሺት፣ የተፈተነው፣ እሱን እባብ ነደፈው፣ ካርና፣ እሱን በሕፃንነቱ ወንዝ ላይ ለቀቁት፣ ኋላም በጦርነት ገደሉት፣ የትኛው ስም ነው መጨረሻው ያማረ፣

አብሂማንዩ።

ወጣ። ድም! ጀርባዬ ላይ፣ ድም! ሌላ ደግሞ፣ ይምቱ፣ ከጆሮህ አልነሳም፣ ስማ፣ አላለቀም፣ መውጫውን ልንገርህ፣ የትም አላነበብኩትም፣ ሲከቡህ ለብቻህ ጀግና አትሁን፣ ጩኽ፣ አክስቴ በል፣ እኔ ከውጭ በኩል... ኧረ ይቺ ልጅ፣ ስም ነው ወይስ ስብከት! ድም! እናትህ ከአልጋው ማዶ ጎንበስ ብላለች፣ ምን እያልሽው ነው፣ መውጫውን፣ ነይ፣ አንቺም በዚያኛው ጆሮው ንገሪው፣ የመጣልሽን፣ ዝም ብለሽ ጀምሪ፣ ትንፋሿ ትንፋሼን ነካው፣ ዓይኖችህ እየተከደኑ ነው፣ አይ፣ አይ፣ ገና ነው፣ አትተኛብን።