«ሌሎች» የሚባለው መስመር

የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ታናሽ ወንድሟን ከቀበረች ሦስት ወሯ ነው። በያጅ ነበር። የሚጥል በሽታውን የሚይዝለት ክኒን ከጣቢያው ጠፍቶ ሲያፈላልግ ሰነበተና፣ አንድ ጠዋት መሰላል ላይ እንዳለ ጣለው።

ክኒኑ ለምን እንደጠፋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የወሩ ሪፖርት በተሠራ ቁጥር የጣቢያው ኃላፊ «የሚጥል በሽታ ብለሽ አትጻፊ፤ ሌሎች በሚለው ክተቺው። ቁጥሩ ከበዛ ለምን አልቀነሰም እያሉ ያደርቁናል» ይላታል። ትከተዋለች። በወረቀት ላይ ታማሚ ከሌለ ማን መድኃኒት ይልካል? የገዛ ወንድሟንም «ሌሎች» ውስጥ የከተተችው በራሷ እጅ ነው። አንጀቷን የሚያሳርራት ይህ ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እሷ ጸሎቱን ትታ ቂሙን ያዘች። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ መሆናቸውን፣ ኃላፊውም ሹመት እንደሚጠብቅ ስትሰማ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን መቶ አርባ ሰዎች ለዚያው ቀን ቀጠረች።

ግቢው ጢም አለ። ኃላፊው ላብ እያጠመቀው «ጉንፋን ነው፤ ወቅቱ ነው» ይላል።

«የሚጥል በሽታስ?» አሉት ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ሐኪም።

«እሱ እንኳ እኛ ጋ የለም፣ ዶክተር።»

ካርድ ሠራተኛዋ መዝገቧን አቅፋ ልትናገር ስትል ከወረፋው አንድ አናጢ ተዘረረ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ኃላፊው ነው። ኮቱን አውልቆ ከሰውየው ራስ ሥር አደረገ፤ በጎኑ አስተኛው፤ ኮሌታውን ፈታለት፤ ሰዓቱን አየ። ማንኪያ ይዛ የሮጠችውን ሴት «አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ» ብሎ መለሳት።

«ጎበዝ» አሉ ሐኪሟ። «እንዲህ አሳምሮ የሚረዳ ሰው አይቼ አላውቅም። የት ተማርከው፣ ልጄ?»

ሙገሳ የማይወድ ማን አለ? «ምን ትምህርት ያስፈልገዋል! በየሳምንቱ ሦስት አራት ሰው እዚሁ ግቢ ሲወድቅ እጃችን ለመደ» አለ ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሐኪሟ እስክሪብቶ አወጡ።

የካርድ ሠራተኛዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። «ቁጥሩን እንጂ ሰዎቹ ሲወድቁ አያይም» ብላ ይቅር የምትልበት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ያቺም ተደፈነች። መዝገቡንና የሪፖርቱን ግልባጭ ሐኪሟ ፊት ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ይሄን ሪፖርት ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች። «እሱ አዞኝ። ሁለታችንንም ይጻፉን።»