ለድንጋዩ የተመረጠው ቃል

«እርስዎ የሟቿ እህት ነዎት?» አለ ድንጋይ ጠራቢው፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ።

«ሚስቱ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አጠገቧ ወደቆመው ባሏ እያመለከተች።

ጠራቢው በእጁ ያለውን ወረቀት አየ፤ ሴትየዋንም አየ። «የመቃብር ድንጋዩ ለሚስቴ ነው ብለውኝ…»

«ለፊተኛዋ ነው።»

ባልየውን ሳል ያዘው። ደረቱ ደህና ነው፤ ሲጨንቀው ነው የሚስለው።

ጠራቢው አንድ የማይለቀው ልማድ አለው፦ አብረው የመጡት ሁሉ፣ የሚቀረጸው እያንዳንዱ ቃል ገብቷቸው ካልፈረሙ መሮ አያነሳም። በሩ ላይ እንደ መረገጫ ያነጠፈው እብነ በረድ ጽሑፉ ተሳስቶ የተመለሰበት ነው።

«የላዩን አንብቤዋለሁ» አለች። «ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ምን ይላል?»

«በጣም የተወደደች ነው የሚለው» አለ ባልየው ጫማውን እያየ። «እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበረች…»

«‹በጣም› እንኳ አይደለም፣ ጋሼ።» ጠራቢው በድንጋይ ብናኝ የነጣ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። «ኢንኮምፓረብሊ። ‹አቻ በሌለው ሁኔታ፣ ከማንም ጋር በማይወዳደር መጠን› ይላል። ‹በጣም› ለሁለትም ለሦስትም ሰው ይዳረሳል፣ እትዬ። ይሄኛው ግን አንድ ሰው ላይ ያልቃል።»

ጠራቢው ወዲያው ምላሱን ቢነክሰው ደስ ባለው።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከባሏ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። የፊተኛዋን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አላወረደችም፤ መስታወቱን በየሳምንቱ የምትወለውለው እሷው ናት። ወገቡ አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ በዋለበት ክረምትም ያገላበጠችው እሷ ናት። በዚህ ሰው ልብ ውስጥ ለእኔም አንድ ጥግ አትጠፋም ብላ ነበር። አሁን ያቺም ጥግ መኖሯን እንጃ።

«ይሰረዝ» አለ ባልየው ቀስ ብሎ። «ሌላ ቃል ይግባ።»

«ከልብህ ነው የጻፍከው?»

ለመሳል ሞከረ፤ ሳሉም እንቢ አለው። «ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው አይነካ። እኔን ፈርተህ የምትጽፈው ምን ያደርግላታል?»

መነጽሯን አድርጋ፣ ቃሉን አንዴ በጣቷ ተከትላ ፈረመች። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ ብሏል።

ባልየው ጠጋ አላት። «ለአንቺም እኮ… ያለኝን ምን ብዬ እንደምጠራው…»

«አትቸኩል» አለች፣ መነጽሯን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች። «ድንጋይ እስኪያስፈልገኝ ታስብበታለህ።»