የበላይ ይጠየቅ

የማገለግልበት ፖሊስ ጣቢያ ቢቸና ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ እኔም እንጀራዬን እፈልጋለሁ። እዚህ ነፍስ ያለው ኤግዚቢት አይበረክትም። ከሌባ የተያዘ ሞተር ብስክሌት ዝጎ ይቀመጣል እንጂ፣ በግ ሆኖ ገብቶ በግ ሆኖ የወጣ አላየሁም።

የእማማ ውቢት ሙክትም ከሌባ እጅ ተይዞ ገባ። አለቃችን ኮማንደር አምላኩ አዲሱን ማዕረጋቸውን ባስመረቁበት ሰሞን ደግሞ ጠፋ። ገመዱን በጥሶ ሄደ ተባለ፤ ገመዱ ግን እንደተቋጠረ አለ። ለእኔ ከድግሱ የደረሰኝ ሽታው ብቻ ነው።

ሌባው ተፈርዶበት እማማ ውቢት ንብረታቸውን ሊረከቡ ሲመጡ፣ ያገኙት የኤግዚቢት ጠባቂውን ዋና ሳጅን ሽታሁንን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሙክቴ የታለ?»

ሽታሁን በልጅነቱ ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ሰው ነው። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ «እማማ፣ የበላይ ይጠየቅ» አላቸው።

ቃሉ ምንም የለበትም፤ አለቃ ይጠየቅ ማለት ነው። ግን አገሩ ጎጃም ነው። አንዷ «ይ» ከጆሮ ብታመልጥ «የበላ ይጠየቅ» ይሆናል። እማማ ውቢት አንዷን «ይ» እዚያው ትተው የቀረውን ይዘው ገበያ ወጡ። ገበያው ሳይበተን ቢቸና ሁሉ «የበላ ይጠየቅ» ይል ጀመር።

ኮማንደሩ አበዱ። «የበላይን በመዝለፍ» ብለው ከሰሱት፤ የጠየቁትም ከሥራ እንዲባረር ነው። ሽታሁን ሦስት ልጆች አሉት፤ ከደመወዙ በቀር መሬት የለው፣ ከብት የለው። ለአንድ ሙክት ሲባል ሰው ሊታረድ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝና ክሱን ለሽታሁን የሰጠሁት እኔው ነኝ። አንብቦ ቀና አለ።

«ባንቺዓለም፣ ምን ብዬ ነው የዘለፍኩት? ቃሌ አልተጻፈም። የተከሰስኩበትን በግልጽ ማወቅ መብቴ ነው። ደግሞም ከድግሱ የበላ አይዳኘኝ፤ ገለልተኛ ሰው ይቀመጥልኝ።»

መብት! ለተጠርጣሪ ሁሉ መብቱን ስንነግር ውለን እናድራለን፤ ለራሳችንም መብት እንዳለን የሰማነው ያን ቀን ነው። ያልበላ ፖሊስ ቢፈለግ ከእኔና ከሽታሁን በቀር ጠፋ። በመጨረሻ ኢንስፔክተር ፋንታ ሁለት ሰዎች አስከትለው ከሞጣ መጡልን።

«በሉ፣ ተናገረ የተባለው ቃል ይጻፍ» አሉ ኢንስፔክተሩ ገና ከመቀመጣቸው። እኔም «የበላይ ይጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄማ ምን ጥፋት አለበት?»

ኮማንደሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይ ትውጣ! የበላ ነው ያለው!»

«ምኑን የበላ?»

«ሙክቱን ነዋ!»

«ታዲያ ሙክት የበላ ይጠየቅ ቢል፣ እርስዎን እንዴት ዘለፈ?»

ኮማንደሩን ላብ አጠመቃቸው። ሳቄን ለመዋጥ ብዕሬን መሬት ጥዬ አጎንብሼ ፈለግኩ። «እንግዶቻችን መንገድ አድክሟቸዋል፤ መጀመሪያ ምሳ ይበሉ» አሉ ኮማንደሩ።

ጠዋት ጓሮ ታስራ ስትጮህ የነበረች ሌላ ኤግዚቢት ፍየል ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ ዝም ብላለች።

ከምሳ መልስ ኢንስፔክተር ፋንታ መጠየቅ ተዉ። ጥፋተኛ እንዳይሉት ጥፋቱ ጠፋ፤ ነጻ እንዳይሉት የበሉት አላስችል አላቸው። ውሳኔያቸውን ጻፉና ባልደረቦቻችን በሙሉ በተሰበሰቡበት ግቢው ውስጥ እንዳነብ ሰጡኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«ጉዳዩ ከኮሚቴው አቅም በላይ ስለሆነ የበላይ ይጠየቅ።»

ሦስቱም ፈርመውበታል።

ሽታሁን እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ እኔ በዚህ ቃል የምባረር ከሆነ፣ የፈረሙበትስ ምን ይሆናሉ?»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ክሱ ተነሥቷል!» አሉ በጥድፊያ።

ለካ እማማ ውቢት በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። እልልታቸውን አቀለጡት። «እሰይ፣ ተፈረደልኝ! በሉ እንግዲህ፣ የበላችሁ ወዲህ ተሰለፉ!»

አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም። ኢንስፔክተር ፋንታ ግን ጥርሳቸውን ይጎረጉሩበት የነበረውን ስቴኪኒ ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።