በሲዳምኛ የገባ ውሃ

ሥልጠናው የተሰጠው ሀዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነበር። ርዕሱ «ዘላቂ ልማትን በአገር በቀል ቋንቋዎች መዘገብ» ይላል። ባነሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ገለጻው በአማርኛ ተሰጠ። አዳራሹ ውስጥ ሲዳምኛ ሲነገር የተሰማው ሻይ የሚያዞሩት ልጆች እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ብቻ ነው፤ እነሱንም አስተባባሪው ዝም በሉ አላቸው።

ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ሰይፈሚካኤል ክፉ ሰው አይደለም። «ልማት» የሚለው ቃል ሲነሳ ዓይኑ ያበራል። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ሕዝብ በእናቱ ቋንቋ የሰማውን ያምናል» ብሎ ጻፈና ደጋግሞ አሰመረበት። ሠልጣኞቹ ሁሉ ቀዱት። ታቢታም ቀዳች።

ታቢታ በአንድ የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ የሲዳምኛ ዜና አንባቢ ናት። አንባቢ ይበሏት እንጂ እንጀራዋ ትርጉም ነው። ጣቢያው ውስጥ ማንኛውም ዜና የሚጸድቀው በአማርኛ ስለሆነ፣ እሷ የጸደቀውን ወደ ሲዳምኛ መልሳ ታነባለች። በሲዳምኛ ታስቦ በሲዳምኛ የተጻፈ ዜና አንድ ቀን እንኳ አንብባ አታውቅም። ስለዚህ ሰይፈሚካኤል «በሉ ውጡና በየቋንቋችሁ አንዳንድ ዘገባ ይዛችሁ ኑ» ሲል ምሳ እንኳ አልጠበቀችም። ባጃጅ ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለችው ቡሹሎ፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች።

አክስቷ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ናቸው። ቧንቧው በአጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ የበሩ ቁልፍ በገመድ ታስሮ ከአክስትየው አንገት አይወርድም። ግን ቦኖው በተመረቀ በወሩ ሞተሩ ተቃጠለ። የውሃ ኮሚቴው ሥራሽን ልቀቂ ስላላላቸው ዛሬም በየጠዋቱ መጥተው ከደረቀው ቧንቧ አጠገብ ይቀመጣሉ። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ሞተሩን አይተውት አያውቁም፤ ከጉብታው ጀርባ ተቆልፎበታል። የሚያዩት ቁልፉን ነው። ሴትየዋ ውሃውን ለሚወዷቸው ሰዎች ሌሊት ሌሊት ይከፍታሉ ተብሎ ይታማ ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ጠፋ።

መቅረጫው ሲከፈት አክስትየው ሁሉንም ተናገሩ። ሞተሩ እንደተቃጠለ፣ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በተጠየቀ ቁጥር «ይታያል» እንደሚል፣ በምርቃቱ ዕለት የተቆረጠውን ሪባን አንስተው ፍየላቸውን እንዳሰሩበት፣ ከዚያ ሁሉ ድግስ የጠነከረው ሪባኑ ብቻ መሆኑን። ሲጨርሱ የታቢታን እጅ ያዙ።

«ውሃ አምጪ አላልኩሽም፣ ልጄ። ስሜን ብቻ መልሺልኝ። ከአንቺ አፍ ከሰሙ ያምኑኛል።»

ዘገባው የሥልጠናው ምርጥ ተባለ። ሰይፈሚካኤል አንድም ቃል ባይገባውም «ስሜት ቋንቋ አያስፈልገውም» ብሎ ምስክር ወረቀት ሰጣት። ሥልጠናው ስለ ቋንቋ መሆኑን በዚያች ደቂቃ ያስታወሰ የለም። ቅዳሜ በጣቢያው እንዲተላለፍም ተወሰነ።

ሊተላለፍ ግን መጽደቅ አለበት። ዋና አዘጋጁ አቶ ሸዋንግዛው ለመንግሥት ሥራ ሀዋሳ ከመጡ ወዲህ ልጆቻቸው አድገው ከጎረቤት ልጆች ጋር በሲዳምኛ ይሰዳደባሉ፤ እሳቸው ከሰላምታ አላለፉም። የአማርኛ ትርጉሙን አስመጡና ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ተቃጠለ» ጨለምተኛ ነው ተብሎ ወጣ። በቦታው «የአቅም ውስንነት» ገባ፤ ቆይቶ እሱም ወጣ። «ውሃ የለም» ከሚለው «የለም» ሲወጣ የቀረው ውሃ ነው። ሪባኑም ተሰረዘ፤ ፍየሏ ግን ተረፈች፦ «ነዋሪዎቹ ከንጹሕ መጠጥ ውሃ ጎን ለጎን በፍየል እርባታ ተጠቃሚ ሆነዋል።»

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ውሃ እኮ የለም» አለች ታቢታ።

«በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይጠገናል ተብሏል። ትንሽ ቀደምን እንጂ አልዋሸንም።»

«የተናገረችው አክስቴ ናት።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም? በሰፈሯ ውሃ ገባላት።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የቋሚ ቅጥሯ ጉዳይ የበላይ አለቆችን ፊርማ እየጠበቀ እንደሆነ አስታወሷት። ደክሟት ከሆነም ሌላው አንባቢ ግዛቸው ሊያነበው እንደሚችል፣ ልጁ ሲዳምኛው ባይጠራም ታዛዥ እንደሆነ አጫወቷት።

ታቢታ ወረቀቱን ይዛ ወጣች፤ ተቀምጣም ተረጎመችው። ክፉው ነገር ጎበዝ ተርጓሚ መሆኗ ነው። የፍየል እርባታው ዓረፍተ ነገር በሲዳምኛ እንዲያውም አማረበት። ቅዳሜ አነበበችው።

ሰኞ ጠዋት ሰይፈሚካኤል ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት የሥልጠናውን ውጤት ፎቶ ላንሳ ብሎ በመኪናው ቡሹሎ ወሰዳት። ሰልፉ ገና ከመንገዱ ታየ። ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ከአጎራባች ቀበሌ ሳይቀር አህያ ጭነው የመጡ አሉ። ሰይፈሚካኤል እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

«አየሽ? አላልኩሽም?» አላት።

አክስትየው የቦኖውን በር ተደግፈው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ከበዋቸዋል። ታቢታ ተጋፍታ ገባችና ሞተሩ እንደተቃጠለ፣ ቢከፈትም የሚወርድ ጠብታ እንደሌለ ነገረቻቸው።

«ቅዳሜ ያልሽው ሌላ ነው» አለች ከፊት ያለችው ሴት። «በገዛ ቋንቋችን፣ በገዛ አፍሽ። አሁን የምትዋሺው ለአክስትሽ ብለሽ ነው።»

ሌሎቹም ያንኑ ተቀባበሉት። ለካ የሚታማው እውነት ነው፣ ለካ ሴትዮዋ ውሃውን ስትደብቀን ነው የኖረችው ይላሉ።

ሰይፈሚካኤል ማስታወሻውን አወጣ። «ምን እያሉ ነው?»

ታቢታ ልማድ ሆኖባት ተረጎመችለት። «በቋንቋችን የሰማነውን እናምናለን ነው የሚሉት።»

ቃል በቃል ጻፈው።

አክስትየው ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁና በታቢታ አንገት ላይ አጠለቁት። ገመዱ በላብ ርሷል።

«አንቺ ክፈቺላቸው» አሉና ሰልፉን ሰንጥቀው ሄዱ። ማንም መንገድ አልለቀቀላቸውም።

ታቢታ በሩን ከፈተች። ከፊት ያለችው ሴት ገባችና ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር አስተካክላ አስቀመጠች። ሰይፈሚካኤል ካሜራውን አነሳ።