ዋይፋዩን የሚበላው

ፅዮን እየተናገረች ነበር፤ አዲስ አበባ ያሉት ሁለት ሰዎች ግን ያዩት አፏን ከፍታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስክሪኑ ላይ ደርቃ የቀረች ሴት ነው።

«ፅዮን? ትሰሚናለሽ?» አለች ሴትየዋ።

ትሰማለች። የሴትየዋ ድምፅ ቀርቶ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ጠረጴዛውን በብዕር መታ መታ ሲያደርግ ይሰማታል። እነሱ ናቸው የማይሰሟት። «አለሁ፣ አለሁ!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው ወደ ሴትየዋ ዞሮ «ጠፍታለች» አላትና ቃለ መጠይቁ በዚሁ አለቀ።

በማግስቱ ማክሰኞ መልእክት ላኩላት። ሐሙስ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክራለን ይላል። ሥራው ከቤት የሚሠራ ስለሆነ አስተማማኝ የቤት መስመርና የማይቀያየር አድራሻ ግዴታ መሆኑንም ጨምረውበታል። ሥራው የሂሳብ ሶፍትዌር ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስህተቱን እየፈለጉ ማውጣት ነው። ፅዮን ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀላ ሰፈር ባለ ፎቶኮፒ ቤት ቁጭ ብላ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ከርማለች። አርባ ምንጭ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሥራ ፈልጋ አላገኘችም። ይቺ ሐሙስ ካመለጠች ወደ ፎቶኮፒው ነው።

ረቡዕ ጠዋት የመስመር ባለሙያ አስጠራች። ሰውዬው ከምሰሶው እስከ ራውተሩ ድረስ ያለውን ገመድ ፈትሾ ሲያበቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«መስመሩ ጤነኛ ነው። የሚበላው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።»

«ማን ነው የሚበላው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ሳቀና ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ ሲቀላ ወረደ።

ፅዮን አልሳቀችም። በረንዳው ላይ ቆማ ግቢውን በዓይኗ ቃኘች። ሴቻ ሰፈር ያለውን ይህን ቤት ያሠራው አባቷ አቶ ገብረእግዚአብሔር ነው። በወጣትነቱ ከአክሱም መጥቶ የኩልፎ ወንዝን የመስኖ ቦዮች ሲለካ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቷ ወይዘሮ ትርሐስ አለች። ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ዕዝራ የሚባል የጨንቻ ልጅ ተከራይቶ ይኖራል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው፤ የመዘምራኑን ቪዲዮ የሚቀርጸውም የሚያቀናብረውም እሱ ነው። ቪዲዮ የሚለው ቃል ፅዮን ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

ሳሎን ስትገባ ቴሌቪዥኑ ከዩቲዩብ መዝሙር ከፍቷል። እናቷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ በስልኳ ድራማ ታያለች።

«እማዬ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ?»

«መዝሙሩ ለቤቱ ነው፤ ድራማው ለእኔ።»

«መስመሩን እኮ እየበላችሁብኝ ነው! ሁላችሁም ንገሩኝ፤ ምን እያያችሁ ነው?»

«ምን ልይ ታዲያ? ጣሪያ ልይ?»

አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ መነጽሩን እየወለወለ ነበር። «እኔ ምንም አላይም» አለ።

አቶ ገብረእግዚአብሔር እንደማይዋሽ አገር ያውቃል። ጉድለትን ትርፍ ብለህ ፈርም ቢሉት እምቢ በማለቱ እድገት የቀረበት ሰው ነው። ስለዚህ ፅዮን እሱን ተወችውና ወደ እናቷ ዞረች።

«ዕዝራ ፓስወርዱን ያውቀዋል?»

ወይዘሮ ትርሐስ ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። «ልጁ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ውሃችንን ይቀዳ የለ? መብራታችንን ያበራ የለ? ይሄ ምን ይጎድልብናል?»

«መቼ ነው የሰጠሽው?»

«ከጨንቻ አፕል ይዞልኝ የመጣ ጊዜ።»

«በአንድ ፌስታል አፕል ሸጥሽብኝ በይኛ!»

«ጣፋጭ ነበር፤ አንቺም በልተሻል» አለች እናቷ።

ፅዮን ጊዜ አላጠፋችም። ፓስወርዱን ቀየረች። አዲሱን ለማንም አልተናገረችም፤ የእናቷንም የአባቷንም ስልክ ተቀብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ራሷ አስገባችው። ቴሌቪዥኑን ዘጋች። ከዚያ ሐዋሳ ላለችው ጓደኛዋ ለምኞት በቪዲዮ ደወለች።

«ጥርት ብለሻል፤ ቅንድብሽን መቼ ነው የተቀነደብሽው?» አለቻት ምኞት።

ሌባው ተያዘ አለች ፅዮን በልቧ። ምሳዋን በደንብ በላች።

ከሰዓት በኋላ ለማረጋገጥ ያህል እንደገና ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ምኞት መሳቅ ጀመረች። «ፎቶ ሆንሽ! አፍሽን ዝጊው፣ ዝንብ ይገባል!» ፅዮን ሳቋን አጥርታ ሰማችው። የምኞት ፊትም ይንቀሳቀሳል። የቆመችው እሷ ብቻ ናት።

ወጥታ የእናቷን ስልክ አየች። ጠፍቶ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ እናቷም አጠገቡ ተኝታለች። እንግዲህ አንድ ሰው አዲሱንም ፓስወርድ ለዕዝራ ሰጥቶታል ማለት ነው። ወይ እናቷ ጣቷ ስር አይታለች፣ ወይ ልጁ ራሱ ሰብሮ ገብቷል። እነዚህ ቪዲዮ የሚነካኩ ልጆች የማያውቁት ነገር የለም። የሰርቪስ ቤቱን በር በቡጢዋ ደበደበች። ማንም አልከፈተም። ጆሮዋን በሩ ላይ አስደግፋ አዳመጠች። ውስጥ ሆኖ ድምፁን ያጠፋ መሰላት።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተንኳኳና ዕዝራ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ከባጃጅ ወርዶ ገባ።

«እህት ፅዮን፣ ሰላም ነሽ? ሰው ሞተ እንዴ? በሬን አቅፈሻት ቆመሻል።»

«ፓስወርዱን ማን ሰጠህ?»

«የቷን?»

«አዲሱን ነዋ!»

«አዲስ አላት እንዴ?» አለ። ከዚያ ገባው። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «እንቺ፣ ፈትሺ። ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ ነበርኩ። ጠዋት የዘጋሽብኝንም አሁን ከአንቺ ነው የሰማሁት።»

ፅዮን ስልኩን ተቀበለችው። ማፈር የሚገባት እዚህ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ከፍታ ፈተሸችው። አሮጌው ፓስወርድ ብቻ ነው ያለው። መለሰችለት።

«ዘንድሮ እንግዲህ አፕል የለም» ብሎ በሩን ከፍቶ ገባ።

ፅዮን ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ዕዝራ ሳይኖር ነው የተበላው። የእናቷ ስልክ ጠፍቷል፤ ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል። ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። የሚመጣላት ነገር ሁሉ በሰላም ይመጣል፤ ከእሷ የሚሄደው ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። ድራማ የሚያይ ሰው የሚበላው የሚመጣውን ነው። የሚሄደውን የሚበላው ደግሞ የሚልክ ሰው ነው። እንዲያውም የቤት መስመር ሲሠራ የሚሄድበት በኩል ከሚመጣበት ይጠብባል፤ ለመዝጋት አንድ ሰው ይበቃል።

እስካሁን የፈለገችው የሚያይ ሰው ነበር። መፈለግ የነበረባት የሚያሳይ ሰው ነው። ሁሉንም «ምን ታያላችሁ?» ብላ መረመረች እንጂ «ምን ታሳያላችሁ?» ያለችው አንድም ሰው የለም።

የአባቷን ድምፅ የሰማችው ይሄኔ ነው። ከቤቱ ኋላ፣ ከማንጎው በኩል ይመጣል። በቪዲዮ የሚያወራ ትልቅ ሰው እንደሚጮኸው ይጮኻል።

«ይታይሃል? ያ ሰማያዊው ጫሞ ነው። አይ፣ ደመና አይደለም፣ ሐይቁ ነው! … ውሃማ የራሴ ሮቶ አለኝ። ቧንቧው ቢጠፋም አትቸገርም።»

ፅዮን በግድግዳው ጥግ ቆመች። አባቷ ስልኩን በሁለት እጁ ከፊቱ ዘርግቶ፣ ሰሐን ሙሉ ወጥ እንደያዘ ሰው በዝግታ ይራመዳል። በጓሮ በር ገባ። ተከተለችው። ኮሪደሩን አልፎ የእሷን ክፍል በር በክርኑ ገፋ።

«ይቺ ደግሞ የልጄ ክፍል ናት። ትንሽ ተዝረክርካለች። ዕቃው ሲወጣና ቀለም ሲቀባ ሰፊ ናት።»

«ጋሽ ገብሬ፣ ካርታው በስምዎ ነው አይደል?» አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ።

«በስሜ ነው። ከማንም ዕዳ ነፃ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ባለቤቴም ትየውና እንጨርሳለን።»

አባቷ ስልኩን ዘግቶ ሲዞር ፅዮን በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንም አላይም አልከኝ» አለች።

«አላይም።»

«ታሳያለህ።»

«አዎ፣ አሳያለሁ። እሱን አልጠየቅሽኝም።»

«ማን ነው?»

«ጆሃንስበርግ ያለ የምዕራብ ዓባያ ልጅ ነው። ጨዋ ነው። ብቻ ግድግዳ ማየት ይወዳል፤ ስንጥቅ ይኖራል ብሎ ይጠረጥራል መሰለኝ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲያስዞረኝ ነው የከረመው።»

«ሰኞ ቃለ መጠይቄን የቆረጥከው አንተ ነሃ!»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ስልኩን አየው፤ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብሎ እንዳላሰበ ያስታውቃል። «ይሄ እንደሚነካሽ አላወቅሁም» አለ።

«ቤቱን መሸጥህስ አይነካኝም?»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ቤት ሳይቸኩሉ ነው የሚሸጠው። አሁን አልቸኮልኩም። ከሰሜን በመጣነው ላይ የሚወራው ወሬ አያምረኝም፤ የዛሬ ዓመት ቸኩዬ ብገኝስ? መቀሌ ወንድሜ አለ። ሁላችንም እሱ ዘንድ እንገባለን።»

«እኔስ?»

«ሥራ የለሽ፣ ባል የለሽ። እዚህ ምን ያስርሻል?»

ይህን ያለው በክፋት አይደለም። ቦይ ሲለካ እንደኖረው ያለውን ነው የተናገረው። ፅዮንን ያናደዳትም ይኸው ነው።

«ሥራዬ ነገ ነው» አለች። «ቋሚ አድራሻ ነው የሚፈልጉት። ነገ ዘጠኝ ሰዓት።»

«የእሱም ሚስት ነገ ዘጠኝ ሰዓት ናት። ለሰውዬው ቃል ሰጥቻለሁ።»

ፅዮን ጥላው ወጣች። ሳሎን እናቷ ነቅታ ድራማዋን ከፍታለች። ድምፁን ግን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ከኮሪደሩ የሚመጣ ነገር የሚሰማበትን ያህል ብቻ።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ?»

«ድራማዬን ልይበት» አለች ወይዘሮ ትርሐስ። ስክሪኑ ላይ ግን ማስታወቂያ ነበር የሚታየው።

ሐሙስ ምሳ እንደተበላ ፅዮን ፓስወርዱን እንደገና ቀየረች። በዚህ ጊዜ የማንንም ስልክ አልተቀበለችም። ክፍሏን አስተካክላ፣ በሯን ዘግታ፣ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች።

መስመሩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ጠየቁ፣ እሷ መለሰች። ሰውዬው አንድ ስህተት ከየት እንደመጣ ሲጠፋት ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። «አንድ በአንድ እያጠፋሁ እፈልጋለሁ» አለች። «አሁንም ካልተገኘ፣ እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው የተሳሳተው።» ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ ጻፈ።

የክፍሏ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። አባቷ ነው። ለገዢው ሚስት ብሎ ኮቱን ለብሷል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ስልኩን አንስቶ አሳያትና በከንፈሩ ብቻ «ዋይፋዩ አልቀበል አለኝ» አላት።

ፅዮን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለች ሴትየዋ። «ኮምፒውተርና አንዳንድ መሣሪያ ወደ ቤትሽ እንልካለን። ቢያንስ ለሚቀጥለው አንድ ዓመት አድራሻሽ አይቀየርም?»

አባቷ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ፅዮን አሁን ከስክሪኑ በላይ አሻግራ አየችው።

«አይቀየርም» አለች።

ተሰነባበቱ። ኮምፒውተሩን ከደነች። አባቷ ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ዋሸሽ።»

«አልዋሸሁም።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«ቤቱ ያንተ ነው። ፓስወርዱ የኔ ነው።»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር ወጣው። «በዳታ ባሳየውስ?»

«አሳየው። ካርድ ሙላና አሳየው። እኔ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ተከራይ አለበት፣ ሴት ልጁም አልወጣም ብላለች እያልኩ ከኋላህ እጮሃለሁ።»

«ታደርጊዋለሽ?»

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

አባቷ አየት አደረጋት፤ ርቀት ሲገምት እንደሚያየው። «ውጤቱ መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያው እስከ ሰኞ ለማንም አላሳይም።»

«ከሰኞ በኋላስ?»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የደቡብ አፍሪካ ቁጥር ነው፤ በተራ ጥሪ ነው የደወለው። አባቷ ስልኩን በፊቱ ደፋው። አላነሳውም። አልዘጋውምም። ሁለቱም ቆመው እስኪያበቃ ጠበቁ፤ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ እንደገና ጀመረ።