ለእማዬ እንዳትነግሯት

የሻረግ ማክሰኞ ከሰዓት ሐሙሲት ላይ አረፈች። ባሕር ዳር ያለችው እህቷ ጽጌ ግን እንዳትሰማ ተባለ፤ ደም ግፊት አለባት። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አዘዘ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ዓባይ ማዶ ይሻገራሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ ይነግሯታል፣ ራሷን እንዳትጥል ይይዟታል። እስከዚያው ቤተሰቡ አፉን ይዘጋል።

ቤተሰቡ ማለት የጽጌ ልጅ ቢያዝን ነው። ቢያዝን ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚተዳደር ሰው ነው።

ቲክቶክ ላይ ስልሳ ሺህ ተከታይ አለው። ጣና ዳር ቆሞ ያለቅሳል። ስለ ፍቅር አልቅሷል፣ ስለ ከዳው ጓደኛ አልቅሷል፣ አንዴም ስለ ጠፋበት ጫማ አልቅሷል። ሰሞኑን ግን እንባው ገበያ አጥቷል፤ አንድ የግሽ አባይ ሰፈር ልጅ ጀልባ ላይ ሆኖ ማልቀስ ጀምሯል፤ ከኋላው ጉማሬ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ ቢያዝን የአክስቱን ሞት ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ አዘነ፣ ከዚያ ስለ መብራት ማሰብ ጀመረ።

ማምሻውን አጭር ቪዲዮ ለቀቀ፦ «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይቭ እገባለሁ፤ እማዬ የእህቷን መርዶ ስትሰማ። አንጀት ያለው ይግባ። ለእማዬ ግን እንዳትነግሯት፣ አደራ!»

ስልሳ ሺህ ሰው አደራውን ተቀበለ፤ ልብ በልብ ሆነ። «የቢዬ አድናቂ» የሚባለው ብቻ ዝም አለ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ቢያዝን አያውቅም፤ ነገር ግን ቪዲዮ በለቀቀ ቁጥር የመጀመሪያው ልብ የእሱ ነው። «ዛሬ ቶሎ ተኝቶ ይሆናል» አለና ክቡን የቀረጻ መብራት ሳሎን ወስዶ ተከለው።

እናቱ ከጎረቤት ስትመለስ መብራቱን ቆማ አየችው።

«እማዬ፣ ነገ በማለዳ እንግዳ ይመጣል። ነጩን ቀሚስሽን ልበሽ።»

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«መብራት ነዋ። ፊትሽን ያሳምረዋል።»

«ጧፍ አይበቃም ነበር?» አለችና ገብታ ተኛች። ቢያዝን የመብራት መጥፋት ቀልድ መሰለውና ሳቀ።

በማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ በር ላይ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሲገቡ ቀስ ይበሉ፤ ይቀረጻል።»

«ምኑ?»

«መርዶው።»

ጋሽ አዘዘ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አንተ ልጅ! መርዶ እንደ ሰርግ ይቀረጻል?»

«ዘመኑ ነው ጋሼ። አዲስ አበባ ያሉት ልጆችዎ እንኳ ያዩዎታል።»

ጋሽ አዘዘ ቁጣቸውን ለመቀጠል አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ለመሆኑ… ኮፍያው ይኑር ወይስ ላውልቀው?»

ገቡ። ጀርባቸው መብራቱን ስለጋረደው ቢያዝን መልሶ አስወጣቸው። ሁለተኛ ገቡ። አሁን ደህና ነው።

እናቱ ነጩን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ላይቩ ላይ አራት ሺህ ሰው አለ። ቢያዝን ፊቷን በስልኩ አጉልቶ አየው፤ ጉንጯ ላይ ጥላ አገኘና መብራቱን አዞረ። አስተያየቱ ይጎርፍ ጀመር፦

«ወንድም፣ ነጠላዋን እየው»

«ጥለቱ ወደ ላይ ነው እኮ!»

«ታውቃለች!! ኧረ እናትህ ታውቃለች!»

የነጠላ ጥለት ተገልብጦ አንገት ላይ የሚውለው ለለቅሶ መሆኑን አራት ሺህ ባዳ ከየቤቱ ለየ። ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመው ልጇ አላየውም፤ ስክሪኑ ላይ የስጦታ አበባ እየዘነበለት ነበር።

«እንግዲህ ጽጌ፣ ሞት ለማንም የማይቀር ዕዳ ነው…» ጋሽ አዘዘ ጀመሩ፣ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው።

«ጋሼ፣ የሚነግሩት ለእኔ ነው ወይስ ለእሱ?» አለች ጽጌ፣ ወደ ካሜራው እያመለከተች።

ጋሽ አዘዘ ዓይናቸውን ከካሜራው ነቀሉ።

«ግድ የለም፤ ሰምቻለሁ» አለች። ተነሥታ ወደ ልጇ ዞረች።

«እማዬ» አለ ቢያዝን በሹክሹክታ፣ ልማድ ሆኖበት፣ «ትንሽ ወደ መብራቱ።»

ያኔ ሙሾውን አወጣችው፦

«እህቴስ ታደለች፣ አፈር ነው ’ሚበላት፤
ልጄን ግን በላብኝ፣ የያዘው መስተዋት።
ጧፍ ለሞተ ነበር፣ ሲያበሩ የማውቀው፤
በቁሜ አበራብኝ፣ ልጄን ምን ጨነቀው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው እንባው መጥቶበት «ወይኔ ቢያዝን! ወይኔ ልጄን!» እያለ ደረቱን መታ፤ ሟቹ አጠገቡ መቆሙን እስኪያይ ድረስ።

«ማን ነው የነገራት?» ቢያዝን ጮኸ።

«ማንም» አለች ጎረቤቷ ባለሱቋ ዘይነት፣ ለለቅሶው መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች። «ማታ ማታ እኔ ሱቅ መጥታ አንተን አይደል የምታይ? አብረን አየነው።»

«በምን ስልክ?»

«በእኔዋ ነዋ። ‹የቢዬ አድናቂ› እሷ ናት እኮ፣ ከመጀመሪያው ቪዲዮህ ጀምራ። ልቡን ራሷ ናት የምትጫነው። ትናንት ግን እጇን ሰበሰበች።»

ለቀብር ወደ ሐሙሲት የሚሄደው ሚኒባስ ሞተሩን ሲያስነሣ ቢያዝን ሮጦ ደረሰ።

«እማዬ፣ እኔስ?»

በመስኮቱ አየችው። «አንተማ ትናንት ሞትህብኝ። ባንድ ቀን ሁለት ሬሳ መሸኘት አልችልም።»

ጋሽ አዘዘ ከፊት ወንበር አንገታቸውን አወጡ። ሊቆጡት መስሎት አቀረቀረ። «ስማ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኮፍያው እንዴት ነበር?»

ቤት ተመለሰ። መብራቱ ባዶውን ሶፋ እያሞቀ ነበር። ቪዲዮው ሚሊዮን አልፏል፤ ሰዉ ሁሉ «ነፍስህን ይማር ቢዬ» ይላል። የግሽ አባዩ ልጅ ጀልባው ላይ ሆኖ ለቢያዝን ሞት እያለቀሰ ነው። ቢያዝን እናቱ የተቀመጠችበት ላይ ተቀመጠ። ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ሐይቅ፣ እንባው መጣ። ስልኩን አነሣ፤ ባትሪው አልቋል።

«ቆይ፣ አንዴ ቆይ» አለ እንባውን፣ ቻርጀር ፍለጋ እየተነሣ።

ሲመለስ ዓይኑ ደርቋል። ቢሆንም ቀረጸ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለና ለቀቀው፤ የመጀመሪያውን ልብ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

ልቡ ወዲያው ደረሰ። ቢያዝን ዘሎ ተነሣ። አሁን ገና የተከፈተ አዲስ ገጽ ነው፤ ፎቶው ላይ ኮፍያቸውን ወደ ጎን ያዘነበሉ ሽማግሌ አሉ፤ ከኋላቸው የሐሙሲት የለቅሶ ድንኳን ይታያል።