ጀነሬተሩ እንኳ ስም አለው

አባቴን የዋሸኋቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በስልክ ነው። ልዋሽ ብዬ አልተነሳሁም። ደብረ ብርሃን ሆነው እንደ ልማዳቸው «ትንሹ ልጅ አፉን ፈታ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፈትቷል አልኳቸው። ይህ እውነት ነው። ቀጥለው «አባ ይልሃል?» ሲሉኝ ግን ምላሴ ቀድማኝ ሄደች።

«እንዴታ! ቀኑን ሙሉ አባ፣ አባ ሲል ነው የሚውለው።»

«ተባረክ! እንግዲያው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቪዲዮ ደውልልኝና በጆሮዬ ልስማው። ጎረቤቶቹንም እጠራለሁ።»

አባቴ መምህር ሥዩም ሠላሳ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ውሸታም ተማሪ ሲያገኙ ዱላ አያነሱም፤ ዝም ብለው ያዩታል፣ ልጁ ራሱ ያለቅሳል። እኔ ልጃቸው፣ ስሜ ምንያህል የሚባለው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች፣ ጁባ ሃይ ማላካል ሰፈር ውስጥም የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። እሳቸውን ስዋሽ ግን ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

እውነቱ እንዲህ ነው። ልጄ ኢዛና ገና የአንድ ዓመት ከአራት ወር ጎረምሳ ሲሆን በቤታችን ያለውን ሁሉ በስሙ ይጠራል። እናቱ ዝማሬ «እማ» ናት። የስድስት ዓመት እህቱ ሄቨን «ሄቭ» ናት። የጎረቤት ዶሮ «ኩኩ»፣ ፍየል «ሜ»፣ ጀነሬተራችን ደግሞ «ዱዱዱ» ነው። ጀነሬተሩ በተነሳ ቁጥር እጁን እያወናጨፈ «ዱዱዱ!» ብሎ ሰላም ይለዋል። ነዳጁን የምገዛው እኔ፣ ሰላምታው ለጀነሬተሩ! ስም የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ስልኩን ስዘጋ ዝማሬ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች።

«አባቱን ሳያውቅ አያቱን ናፈቀ አሉ» አለች። «አባዬ፣ ገና አይለኝም፣ ብትላቸው ምን ነበረበት? አሁን ሦስት ቀን አለህ።»

«ሦስት ቀን ይበቃኛል» አልኳት።

አርብ ጠዋት በሙዝ ጀመርኩ። ሙዙን ከኋላዬ ደብቄ «አባ በል፣ ሙዝ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ኢዛና ትንሽ አየኝና በእግሬ ሥር ዞሮ ሄደ፤ ከኋላዬ ሙዙን ነጥቆኝ እየሳቀ እናቱ ጉያ ገባ። በልጄ ብልጠት ኮራሁ፤ ትምህርቱ ግን አንድ ጋት አልተራመደም። ከሰዓት በኋላ ሄቨን አስተማሪ ልሁን አለች። አያቷን ወጥታ ማስመሪያ ያዘች፣ ኢዛናንና እኔን ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ አስቀመጠች። «አባ! በሉ!» ትላለች። አባ እላለሁ። «ድገሙ!» እደግማለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል አባ ካልኩ በኋላ ወደ ጎኔ ዞር ብል ተማሪ ኢዛና ተኝቷል። ጎበዝ ተብዬ ተጨበጨበልኝ።

ሳምንቱ ለሱቄም ጥሩ አልነበረም። ከካምፓላ የሚመጣው ዕቃዬ ዝናብ ባበላሸው መንገድ ላይ ቆሟል፤ መደርደሪያዬ ባዶ ነው። ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ነጂዎች ግን መምጣታቸውን አልተዉም። የጁባ ዓረብኛ ለዚህ ሲባል የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ሁለት ቃል ይበቃል። «ፊ» አለ ነው፣ «ማፊ» የለም።

«ካንዴላ ፊ?»

«ማፊ።»

«ካቴና ፊ?»

«ማፊ።»

ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው፤ መሃላችን ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከፊት ማፊ፣ ማፊ እላለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ሄቨን ወንድሟን ትፈትናለች።

«ዶሮ ምን ይላል?»

«ኩኩ!»

«ፍየልስ?»

«ሜ!»

«ጀነሬተርስ?»

«ዱዱዱ!»

«አባስ?»

አንድ ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ ካላማዳሪያ እየጠየቀኝ ነው፤ እኔ ግን ጆሮዬን ወደ ኋላ ሰጠሁ።

«ማፊ!» አለ ልጄ፣ ጥርት አድርጎ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ኢዛና ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «ማፊ! ማፊ! ማፊ!» እያለ ዘለለ። ለካ ስም ነበረኝ! ከሱቅ በገባሁ ቁጥር ሲለው የነበረው ይህንኑ ነው፤ እኔ ብስኩቱ አለቀ ማለቱ መስሎኝ ስንት ብስኩት አብልቼዋለሁ። ዶሮ ኩኩ ካለ ዶሮው ኩኩ ነው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ማፊ ካልኩ ማፊ ነኝ። ዝማሬ ሳቋ ገፍቷት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ልስቅ ወይ ልናደድ አላወቅሁም፤ ስሜ ተገኘ፣ እሱም የለም ሆነ።

«ከአሁን ጀምሮ» አልኩ «ማፊ የሚባል ቃል ከዚህ ሱቅ አይወጣም።»

«ታዲያ ደንበኛ ሲጠይቅህ ምን ልትል ነው?» አለች ዝማሬ እንባዋን እየጠረገች።

«አባ እላለሁ።»

እልኸኛ ነኝ፤ ያልኩትን አደረግሁ። መጀመሪያ የመጣው ዋኒ የሚባለው ቦዳቦዳ ነጂ ደንበኛዬ ነው።

«ካንዴላ ፊ?»

«አባ!» አልኩ፣ መጋረጃው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ዋኒ አሰበ። «አባ?»

«አባ!»

«አባ ቢ ካም?» አለኝ። ዋጋው ስንት ነው ማለቱ ነው።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ራሴን እየነቀነቅሁ «አባ፣ አባ» አልኩት፤ ውድ ነው ያልኩት መስሎት እያጉረመረመ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጡትን አምስት ሰዎችም በአባ ሸኘኋቸው። ቀጥሎ የመጣው ከእኔ ሁለት ሱቅ አልፎ የሚነግደው አልአሚን ነው፤ የአገሬ ልጅ ነው፣ ፊቱ ግን ተቆጥቷል።

«ስማ፣ ምንያህል፣ እኛ ጎረቤት አይደለንም እንዴ? አባ የሚባል ካንዴላ አስመጥተህ ዝም ትለኛለህ? ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ አባ ስጠን እያለ ሱቄን አጨናነቀው። ወላሂ ደግ አልሠራህም!»

ነገሩን ስነግረው ቁጣው ወዴት እንደገባ እንጃ፤ መደርደሪያዬን ተደግፎ ሳቀ። ባዶ ባይሆን ኖሮ ዕቃዬን ያረግፈው ነበር። ከዚያ ሊረዳኝ ብሎ መጋረጃውን ገለጥ አደረገና «ኢዛና! አባትህ ማነው?» አለው።

«ማፊ!»

«በቃ፣ የለህም ተባልክ» አለኝና ወደ ሱቁ ሄደ።

እሁድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፈን ደወልን። መጀመሪያ ግንባር ብቻ ታየ፤ ቀጥሎ አባቴና ሦስት ጎረቤቶቻቸው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ብቅ አሉ። አባቴ ከረባት አስረዋል። ለአንድ ቃል ከረባት!

«ኢዛና! ይኸው አያትህ! እስቲ አባትህን ጥራልኝ።»

ልጄ ስልኩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፤ በልቤ ያለ የሌለውን ጸሎት ሁሉ አዥጎደጎድኩት። ኢዛና ሁለት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ማፊ!»

«ምን አለ?» አሉ አባቴ።

ዝማሬ ቀደመችኝ። «የዚህ አገር ቋንቋ ነው፣ አባባ! ማፊ ማለት አባት ማለት ነው» አለች፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች። ከእኔም የባሰች ውሸታም!

«እሰይ! ገና በዚህ ዕድሜው ሁለት ቋንቋ!» አባቴ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ማፊ አለው!» አንዲት እናት እልል አሉ። «ማፊ! ማፊ!» ተባለ ደብረ ብርሃን ላይ። አባቴ ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እንግዲያው እኔ ትልቁ ማፊ ነኛ! ከዛሬ ጀምሮ ትልቁ ማፊ በሉኝ!»

ሄቨን በሳቅ ከወንበሯ ላይ ወደቀች። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። መሃል ላይ ስልኩን አየሁ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ በአካል ካየኋቸው ሦስት ዓመት አልፏል። ደረታቸውን እየመቱ፣ በደስታ፣ ትልቁ የለም ነኝ ይላሉ። አባቴ አሉ እኮ! በቀልድም ቢሆን፣ ያውም በእኔ ውሸት፣ የለም እንዲባሉ አልፈለግሁም።

«አባዬ፣ እርስዎ ማፊ አይደሉም።»

«ምነው? አያት አይባልም እንዴ?»

«ማፊ ማለት አባት አይደለም። የለም ማለት ነው። ዕቃ ስጠየቅ ቀኑን ሙሉ ማፊ፣ ማፊ ስል ልጁ ስሜ መሰለው። አባ ብሎኝ አያውቅም። ዋሽቼዎታለሁ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ አልተቋረጠም። አባቴ ያንን የክፍል አስተያየት ያዩኛል። ጆሮዬ ጋለ። ዝማሬ ጥፍሯን ትመለከታለች።

«ዝምበል» አሉ አባቴ።

«እሺ፣ አባዬ።»

«አንተን ዝም በል ማለቴ አይደለም፤ ስሜን ነው የምነግርህ።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ያኔ የምንኖረው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ መስኮታችን ከክፍሌ ፊት ለፊት። ቀኑን ሙሉ ዝም በል፣ ዝም በል ስል ትሰማኛለህ። ሁለት ዓመት እስኪሞላህ ድረስ ስሜ ዝምበል ነበር። በገበያ መሃል ዝምበል! ርዕሰ መምህሩ ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ፣ በእናትህ ጀርባ ሆነህ፣ ዝምበል!»

ጎረቤቶቻቸው ተንጫጩ፤ እልል ያሉት እናት «እኔም አስታውሳለሁ!» አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ ሁሉ ተማሪ የሚፈራቸው ሰው ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

«ታዲያ እርስዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

«ምን እላለሁ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አቤት እል ነበር።»

ኢዛና ሱሪዬን ይጎትታል።

«ማፊ!»

«አቤት» አልኩት።